በእማዬ ቁመት የተለካው ጣቢያ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለሜ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሳብሽ የጉልበት ሕመም ተወሽ ወይስ አሁንም ሰሌዳው ፊት ወንበር ይዘሽ ነው የምታስተምሪው? ጋሼ ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? ከሁሉም በላይ እማዬ እንዴት ናት? ስትተኛ እንዴት ናት፣ ስትነሳ እንዴት ናት፣ የበረንዳውን ደረጃ ስትወጣስ? ይህን ጥያቄ ከላይ ማስቀመጤ እንደሚገርምሽ አውቃለሁ። ከካቻምና ጀምሮ የጻፍኩልሽን ሁሉ ብታገላብጪው መጀመሪያው መስመር ላይ የምታገኚው ወይ በር ነው፣ ወይ መስኮት ነው፣ ወይ የቆርቆሮ ቀለም ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ለጤናዬ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው ፊቴ ነው፤ የት እንደማደርገው ጠፍቶኛል።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ቁጥርሽን እጀምርና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ከተቀያየምን ወዲህ ዝም ብለሻል፤ ደውዬ ያንን ዝምታ በጆሮዬ መስማት ፈራሁ። ወረቀት ቢያንስ ፊቱን አያጠቁርብኝም። ስለዚህ ከሥራ ገብቼ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ካርቶን የምቆርጥባትን ጣውላ ጭኔ ላይ አድርጌ እጽፍልሻለሁ። ሙጫው አልለቅ ስላላት ወረቀቱ ጥግ ጥጉ ላይ ቢያጣብቅሽ እንዳትቆጪኝ። የምትቆጪበት ሌላ ብዙ ነገር አለልሽ።

የያዘኝን አመል በቅጡ አስረድቼሽ አላውቅም። አንቺ «ያ የመጫወቻህ ነገር» ነው የምትይው። እውነትሽን ነው፤ ግን እኛ ፊት መጫወቻ ብሎ የተናገረ ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ በክፉ ዓይን ነው የሚታየው። ወደ ትንንሽ ባቡር ሠሪዎች ማኅበር የወሰደኝ እኔ የሆስፒታል አንሶላ በማጥብበት ቤት ማድረቂያውን የሚያዞረው ባልደረባዬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ውስጥ እንሰበሰባለን። ጥርስ ሐኪም አለን፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር አለን፣ ዳቦ ጋጋሪ አለን፤ ቀብር አስፈጻሚ ሳይቀር አለን። እያንዳንዳችን ቤታችን የሠራነውን ሐዲድ ከነጠረጴዛው ተሸክመን እንመጣና ጫፍ ለጫፍ እናጋጥመዋለን። ከዚያ ባቡሩ ከጋጋሪው መንደር ይነሳል፣ በሾፌሩ ድልድይ ላይ ያልፋል፣ በባልደረባዬ ዋሻ ገብቶ በቀብር አስፈጻሚው ጫካ በኩል ይወጣና እኔ ጋ ይደርሳል። ሁሉም ነገር ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ ያነሰ ነው። ሰው ማለት የትንሿን ጣት አንጓ ያህላል።

ደስታችን አንድ ነው፣ ብሶታችንም አንድ ነው። ስንት ወር የተለፋበት ሎኮሞቲቭ ሐዲድ ላይ በወደቀች አንዲት የድመት ፀጉር ቀጥ ይላል። አቧራ ካየን እንደ ጠላት ጦር ነው የምንደነግጠው። ዕቃ ሻጮቹ የምንፈልገውን የባቡር ጎማ ዓመት ሙሉ ደርድረውት ይቆዩና፣ እኛ መግዣ ገንዘብ እጃችን ሲገባ መሠራቱ ቆሟል ይሉናል። የጣቢያ ጣራ ቀይ ነው ቡናማ ነው በሚል ጭቅጭቅ ሾፌሩና ጥርስ ሐኪሙ አንድ ክረምት ሙሉ ሳይነጋገሩ ቀርተዋል። የጋጋሪው ሚስት «ከመኝታ ቤቱ ወይ እኔ እወጣለሁ ወይ ተራራው ይወጣል» ብላው ተራራው ወጥቷል። ሊያየን የመጣ ሰው ሁሉ ደግሞ ጥያቄው አንድ ነው፤ ፈገግ ብሎ ልጅህ ስንት ዓመቱ ነው ይለናል። ልጅ የለኝም ስንለው ፈገግታው ይጠፋል።

እኔ የሠራሁት የኛን ጣቢያ ነው። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ትኬት ሲቆርጥበት የኖረውን፣ እኛም ከጓሮው ተወልደን ያደግንበትን። የሌላው ሰው ጣቢያ ከሳጥን የወጣ፣ ፋብሪካ ቆርጦ ያዘጋጀው ነው። የኔ በዓለም ላይ አንድ ነው ብዬ ስናገር ሰዎቹ ጉድ አሉ። ጥርስ ሐኪሙ ሳይቀር ወንበሩን ሳብ አድርጎ ቀረበ። በቀን ሥራዬ እኔን ልብ ብሎ የሚያየኝ ሰው የለም፤ አንሶላ ከታጠበ ማን አጠበው ተብሎ አይጠየቅም። እዚያች ጠረጴዛ ላይ ግን ሰው ሆንኩ። ጭንቅላቴ የዞረው እዚያ ላይ ነው እንጂ ሌላ ሰበብ የለኝም።

ለሥራው ልክ ያስፈልገኝ ነበርና አንቺን ማዘዝ ጀመርኩ። የመስኮቱን መስታወቶች ቁጠሪልኝ አልኩ። የአግዳሚው እግር እንጨት ነው ብረት አልኩ። ጣራውን ዝገት የበላው በየት በኩል ነው አልኩ። ከትምህርት ቤት ደክሞሽ ወጥተሽ፣ ባቡር ከቆመ ወዲህ ማንም ዞር ብሎ ወደማያየው ወደዚያ ግቢ ሄደሽ፣ በሩን በሜትር ለክተሽ ላክሽልኝ። እኔ ግን አልረካ አልኩ። እኛ ዘንድ አንድ ዘዴ አለ፤ ለመለካት የማይመች ሕንፃ ሲገጥም ቁመቱ የሚታወቅ ሰው አጠገቡ ይቆምና ፎቶ ይነሳል፤ ከሰውየው ቁመት ተነስቶ የጣራውንም የመስኮቱንም ማስላት ይቻላል። ቁመቱን በእርግጠኝነት የማውቀው ሰው ደግሞ እማዬ ናት። ስንሰነባበት አቅፋኝ አናቷ አፍንጫዬ ላይ ነበር፤ የሻሿ ሽታ አሁንም ስላለኝ ቦታውን አልስተውም። ከመሬት እስከ አፍንጫዬ ለካሁና እማዬ ይህን ያህል ናት ብዬ ጻፍኩ።

አንቺም መጀመሪያ በሩ ጋ አቆምሽልኝ። ከወራት በኋላ መስኮቱ ጋ፣ ከዚያ ምሰሶው ጋ። የመስኮቱን ፎቶ ስትልኪ ከሥሩ ጀርባዋ እየጎበጠ ነው፣ ብዙ መቆም ይከብዳታል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። አላነበብኩትም ብዬ አልዋሽሽም። አንብቤዋለሁ። ግን ዓይኔ ቶሎ ብሎ ወደሚቀጥለው መስመር፣ ስለ መስታወቱ ወደ ጻፍሽው ወረደ። የመለስኩልሽም ቀጥ ብላ ትቁም፣ ከእግሯ ሥር ያለውን ሣር አንሺው፣ ጫማዋ ካልታየኝ ስሌቱ ይበላሽብኛል የሚል ነበር።

ከዚያ የበሩ ነገር መጣ። ከፎቶው ያሰላሁት የበር ቁመት አንቺ በሜትር ከላክሽልኝ በለጠ። አንድ ጣት ሁለት ጣት ቢሆን ባልከፋ፤ ስንዝር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እኔስ ማንን አመንኩ? ፎቶዬን። አስተማሪ ሆነሽ ሜትር ማንበብ እንዴት ያቅትሻል፣ ወይ ሜትሩ ተለጥጧል አልኩሽ። አንቺ ሜትሩ አልተለጠጠም ብለሽ በአንድ መስመር መለስሽልኝ። አሁን ሳስበው ያኔውኑ ገብቶሽ ነበር መሰለኝ። ልትነግሪኝ አንጀትሽ አልችል ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ኩርፊያ ነው ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

የመድረኩ ነገር የባሰ ነው። ተሳፋሪ የሚቆምበትን የድንጋይ መድረክ ከፍታ ለማወቅ አንድ ሰው ወደ ሐዲዱ ወርዶ ከጎኑ መቆም ነበረበት። አንቺ ሜትር ይዤ እኔ እወርዳለሁ አልሽ። ሜትር አላምንም፣ እማዬ ትውረድልኝ አልኩ። ያኔ ነው የተቆጣሽኝ፤ ለካርቶን ብዬ እናቴን ገደል አላወርድም አልሽ። እሷ ግን ከጀርባሽ ሆና ሰምታ ልጄ ከፈለገው ምን አለበት፣ እወርድለታለሁ አለች። የወፍጮ ቤቱን ጎረቤታችንን ትከሻ ይዛ ወረደች፣ ቆመችልኝ። ስትወጣ አንቺ፣ ጎረቤታችንና ትልቋ ልጅሽ ተጋግዛችሁ መከራ አይታችሁ እንዳወጣችኋት ጽፈሽ ፎቶውን ላክሽልኝ። እኔ የመለስኩትን ታስታውሺዋለሽ። ፎቶው ትንሽ ደብዝዟል፣ በሌላ ቀን ይደገም አልኩ።

እታለሜ፣ ይህን በገዛ እጄ ደግሜ ጻፍኩት። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚጽፈው? አንቺ መልስ አልሰጠሽም፣ ፎቶውም አልተደገመም፤ እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ እንደተበደለ ሰው አኮረፍኩ። በደበዘዘው ፎቶ ሥራዬን ቀጠልኩ። ልኳን ከወሰድኩ በኋላ ሕንፃው ብቻ እንዲታየኝ እማዬን ከየፎቶው በመቀስ እየቆረጥኩ አወጣኋት። የቀረውን ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩ። ቁርጥራጮቹን የብሎን መያዣ ቆርቆሮ ውስጥ ጣልኳቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ትርኢታችን ነበር። የሰፈሩ ሰው ከነልጆቹ መጥቶ ምድር ቤቱን ሞላው። ቤቴ ሳለሁ ሎኮሞቲቭ ብቻ አስኪጄ ነበር የሞከርኩት፤ ረጃጅሞቹ የመንገደኛ ፉርጎዎች የጥርስ ሐኪሙ ስለሆኑ ሐዲዴን የረገጡት ያን ዕለት ነው። ሾፌሩ ባቡሩን አስነሳ። መንደሩን በሰላም አለፈ፣ ድልድዩን አለፈ፣ ከዋሻው ሲወጣ ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ጣቢያዬ አጠገብ እጄን አጣምሬ፣ ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ፤ ለትርኢቱ ብዬ ሸሚዝ ሁሉ ተኩሻለሁ። ሎኮሞቲቩ ገባ። የመጀመሪያው ፉርጎ ሲገባ የመሳፈሪያ ደረጃው የመድረኩን ጠርዝ ገጨና ቀጭ አለ። ዘመመ፣ የተከተሉትን ይዞ ከሐዲድ ወጣ፣ የመጨረሻው ከጠረጴዛው ላይ ወደ መሬት ወደቀ። አንዲት ሴትዮ ጣቢያው እንግዳ አልቀበልም አለ ብላ ሰዉን አሳቀችብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ያ እፍረት ግን ከኋላው ለመጣው ምኑም አልነበረም።

ጥርስ ሐኪሙ የወደቀውን ፉርጎውን አንስቶ አገላብጦ አየና ማስመሪያውን ከኪሱ አወጣ። ይህ ሰው ሲያናግርሽ እንኳ ጥርስ ጥርስሽን ነው የሚያየው፤ የዚያን ዘመን ጣቢያዎች ልክ ደግሞ በቃሉ ያውቃል። መድረኩን ለካ፣ ምሰሶውን ለካ፣ መስኮቱንና በሩን ለካ። ከዚያ በየትኛው ተራ ነው የሠራኸው አለኝ። መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ መስኮቱን፣ ከዚያ ምሰሶውን፣ መጨረሻ መድረኩን አልኩት። እሱም ሰው ሲሳሳት አንዱን ያበዛል አንዱን ያሳንሳል፣ ያንተ ግን ሁሉም በዝቷል፤ የበሩ ይሻላል፣ የመስኮቱ ይብሳል፣ መድረኩ ከሁሉም የባሰ ነው፤ እየለካህበት የሚያጥር መለኪያ ነው የያዝከው አለኝና በምን እንደለካሁ ጠየቀኝ። በእናቴ አልኩት።

ሾፌሩ ሳቀ፣ ጋጋሪውም ሳቀ። እኔም አብሬ ልስቅ አፌን ከፈትኩ። ጥርስ ሐኪሙ ግን አልሳቀም። እናትህን ካየሃቸው ስንት ጊዜህ ነው ብሎ ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ። ሾፌሩም ሳቁን ዋጠና የተበተኑትን ፉርጎዎች ይለቅም ጀመር።

ቤቴ ገብቼ የብሎኑን ቆርቆሮ አልጋው ላይ ገለበጥኩት። ከብሎኑና ከሚስማሩ መሃል እማዬ ወጣች፣ ደግማ እማዬ፣ ደግማ እማዬ። በተነሱበት ተራ ደረደርኳቸው። በሩ ጋ የነበረችው እጇ ባዶ ነው። መስኮቱ ጋ የነበረችው በአንድ እጇ ግድግዳ ይዛለች። ምሰሶው ጋ የነበረችው ከዘራ ይዛለች፤ ምሰሶውን እንዳልነካ ብዬ የከዘራውን ዙሪያ በጥንቃቄ መከርከሜ ትዝ ይለኛል፤ ከዘራ መሆኑን ግን አላየሁም። ሐዲዱ ላይ የቆመችው አገጯን ወደ ላይ ቀና አድርጋለች። ቀጥ ብላ ትቁም ብዬ አዝዤ የለ? ቀጥ ልትልልኝ እየታገለች ነው። ደብዝዟል ባልኩት ፎቶ ላይ ፈገግ ብላለች። ከሦስቱ ይልቅ በደንብ የምትታየው በሱ ነው፤ የደበዘዘው ድንጋዩ ነበር።

በስልክ አያት የለም ወይ ትዪኝ ይሆናል። አያታለሁ፤ አንቺ ስልኩን ትይዢላታለሽ፣ ደህና ነኝ ልጄ ትለኛለች፣ ፊቷን አያለሁ። ፊት ደግሞ አያጥርም።

በመጨረሻ ያንቺን ሜትር አመንኩ። በሩ አንቺ ያልሽውን ያህል ነው ብዬ ስሌቱን ገለበጥኩትና እማዬን ከበሩ አሰላኋት። የወጣውን ልክ ይዤ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁና አጠገቡ ቆምኩ። አፍንጫዬ ጋ አልደረሰም። አገጬም ጋ አልደረሰም። ምልክቱ ትከሻዬ ላይ ነው። ያቺ ደግሞ የመጀመሪያዋ ናት፣ ገና ከዘራ ያልያዘችው። ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰች የምታውቂው አንቺ ነሽ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። አንሶላ ስናጥፍ እኔና ባልደረባዬ ጫፍ ጫፉን ይዘን ስለምንቀራረብ ፊቴን መደበቅ አልቻልኩም። ነገርኩት። እሱም አባቱ ደካክመው ሳለ ናልኝ ብለው እንደላኩበት፣ እሱም ዋሻውን ልጨርስና እመጣለሁ እንዳላቸው አወራኝ። ዋሻው አለቀ አለኝ፤ እንዳየኸው በጣም ያምራል። አንሶላዋን ተቀብሎኝ ሄደ።

አሁን ደግሞ የመጨረሻውን ልንገርሽ፤ ከዚህ በኋላ ብትሰድቢኝ እሰማለሁ። ዘንድሮ ፈቃድ የለኝም ብዬሽ ነበር። ነበረኝ። ጣቢያውን ትልቅ ከተማ ላይ ወደሚደረግ ትርኢት ልወስደው ብዬ አስቀምጬው ነው። ሰኞውኑ ወደ ኃላፊዬ ሄጄ ቀኑን ለወጥኩት። ወሩ ሳያልቅ መምጣት እችላለሁ። ጥርስ ሐኪሙ መድረኩን በሞረድ ዝቅ እናድርገውና ባንተ ፋንታ እኛ እንውሰደው ብሎኝ ነበር፤ ደግ ሰው ነው። ተወው አልኩት። ባቡር ባይገባበትም እንዳለ ይቀመጥ። ምድር ቤቱ መደርደሪያ ላይ ጨርቅ አልብሰነዋል።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህን ነው። ሳልጠየቅ ዘልዬ ብመጣ ደግሞ ሌላ ድፍረት እንዳይሆንብኝ፣ ና በዪኝ። ያልነገርሽኝንም ንገሪኝ፤ ሐኪም ምን እንዳለ፣ ሌሊት ማን እንደሚያገላብጣት፣ አንቺስ ስንት ቀን ከሥራ እንደቀረሽ። ያን ሁሉ ብቻሽን ስትሸከሚ እኔ የመስታወት ቁጥር እጠይቅሽ ነበር። ይቅርታሽን ለመጠየቅ አፍ የለኝም፤ ስመጣ ግን እግርሽ ሥር ነኝ። እማዬ መምጣቴን ስትሰማ በር ድረስ ልውጣ ማለቷ አይቀርም። እንዳትፈቅጂላት። ባለችበት ትጠብቀኝ፤ ጎንበስ የምለው እኔ ነኝ።

ለጋሼ ባለቤትሽ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ እንደታዘበኝ አውቃለሁ፣ ዝም በማለቱም አመሰግነዋለሁ። ትልቋን ልጅሽን አያቷን ስላወጣችልኝ እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ። ባቡር አምጣልኝ እያለ ለሚያስጨንቅሽ ለትንሹ ያ የወደቀው ፉርጎ ጥርስ ሐኪሙ ለሱ ብሎ ሰጥቶኛልና ይዤለት እመጣለሁ፤ እንደፈለገ ይጎትተው፣ ይስበረውም። የወፍጮ ቤቱን ጎረቤታችንን ትከሻህ ይባረክ ብሎሃል በዪልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ስለ ስሌቱ ግን እንዳትነግሪያት፤ ጥፋቱ ከኔ ነው ትልና ደግሞ እንዳታዝን።

እስክመጣ አንድ ፎቶ ላኪልኝ። ተቀምጣ ይሁን፣ ትራስ አድርጊላት። ቀረብ ብለሽ አንሺያት። በር አይታይ፣ መስኮት አይታይ፣ ከአጠገቧ ምንም የሚለካ ነገር አይኑር።

ያፈረው ታናሽ ወንድምሽ

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
የካቲት ፲፬ ቀን